የደብረ ዘይት እሑድ፦ ከበሮው ሲቀመጥ ምን ይዘመር፣ እንዴትስ ይዘመር?

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂያችን በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ክፍሉን ይመራሉ። 24 ዘማርያን አሏቸው፤ ለደብረ ዘይት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረቱ ላይ 15 ደቂቃ ተሰጥቷቸዋል። ከክፍሉ ግማሹ «ዕለቱ እኩለ ጾም ነው፣ በዓልም ነው፣ ከበሮ ይመታ» ይላል፤ ግማሹ አይሆንም ባይ ነው። ባለፈው ዓመት ያለ ከበሮ ሞክረው መዝሙሩ እየተጎተተ፣ ድምፁም እየወረደ ሄዶ መጨረሻው አላማረም። ከጾሙ የዜማ መጽሐፍ ከጾመ ድጓው መዘመር ይቻል እንደሆነ፣ በገና የሚደረድር ወንድም ቢያጅባቸው፣ ኦርጋን ቢጨመር፣ መዝሙሩስ በምን ይመረጥ ብለው ጠይቀዋል።

ከበሮው ይቀመጥ። ኦርጋኑም አይታሰብ። በገናው መልካም ነው፣ ግን እናንተን ለማጀብ አይደለም። ከጾመ ድጓው ጥቂት መማር ይቻላል፣ ከመሪጌታው እግር ሥር ተቀምጦ ከሆነ። ያለፈው ዓመት መዝሙር የተጎተተው ከበሮ ስላልነበረ ብቻ አይመስለንም፤ ለከበሮ የተሠራ መዝሙር ከበሮው ተነሥቶበት ስለተዘመረ ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ብዙ ነገር ይወስናል።

«እኩለ ጾም» የሚለው ስም ብዙዎችን ያሳስታል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከዘወረደ እሑድ ማግስት ሰኞ ገብቶ በትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ይፈጸማል። በጣታችሁ ብትቆጥሩት ደብረ ዘይት 28ኛው ቀን ላይ ያርፋል፤ ከፊቱ 27፣ ከኋላው 27 ቀን አለ። ልክ እምብርቱ ነው። ስሙ የሚናገረው ይህን ቁጥር ነው እንጂ ፋታን አይደለም። መንገዱ ተጋመሰ ተብሎ ስንቅ አይፈታም፤ የጥሉላቱም የዓሣውም ክልከላ እንዳለ ነው።

በዓልነቱ እውነት ነው። ደብረ ዘይት ከጌታችን ዘጠኙ ንዑሳን በዓላት አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ ከስብከት፣ ከብርሃን፣ ከኖላዊ፣ ከቃና ዘገሊላና ከሌሎቹ ጋር። ግን ቤተ ክርስቲያን ጾሙ ውስጥ የሚገቡ በዓላትን እንዴት እንደያዘቻቸው ተመልከቱ። መጋቢት 27 የሚውለው የመድኃኔዓለም በዓል በድምቀት እንዲከበር ወደ ጥቅምት 27 ተወስዷል። የመጋቢት 29ኙም የብሥራት በዓል ታኅሣሥ 22 ይከበራል። ጭብጨባና እልልታ የሚፈልገው በዓል ከጾሙ ወጥቶ ቦታ ተፈለገለት ማለት ነው። ደብረ ዘይት ግን ከጾሙ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ፣ ጾሙ ውስጥ የተተከለ በዓል ነው። ነገሩም ዳግም ምጽአት ነው፤ የሚጠበቅ እንጂ የሚጨፈርለት አይደለም። «በዓል ነውና ከበሮ» የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ የሚሆነውን የሚያዝዙት መሪጌታውና ሊቃውንቱ ናቸው፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ድርሻ የጾሙን ጠባይ ጠብቆ መቆም ነው።

ቀኑን አስቀድማችሁ ለማወቅ ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የበዓላትን ቀን ማስሊያ፣ የሚያውቅ ሰው መፈለግ አያስፈልግም። ጾመ ነነዌ የገባችበትን ሰኞ ቀን ያዙና 11 ደምሩ፤ ከ30 ከበለጠ 30 አንሡ። የ2018 ነነዌ ጥር 25 ነበረች፤ 25 እና 11 ተደምሮ 36፣ ከ30 ሲተርፍ 6፤ ደብረ ዘይት መጋቢት 6 ሆነ። በ2019 ነነዌ የካቲት 15 ትገባለች፤ ደብረ ዘይት መጋቢት 26 ይውላል። ወሩ ካምታታችሁ ከነነዌ ሰኞ ማግስት ጀምራችሁ 41 ቀን ቁጠሩ። በዓሉ ከየካቲት 28 በፊት፣ ከሚያዝያ 2 በኋላ አይውልም፤ ስሌታችሁ ከዚህ ከወጣ ተሳስታችኋል።

አንድ ነገር ለአዳማ ልጆች በተለይ። ሕፃናት ክፍል ውስጥ «ደብረ ዘይት የት ነው?» ብትሉ ብዙ እጅ ወደ ቢሾፍቱ መንገድ ይጠቁማል። አያቶቻቸው ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት፣ አዳማን ናዝሬት እያሉ ኖረዋልና አይፈረድባቸውም። ደብር ተራራ መሆኑን፣ ዘይት የተባለውም ስለ ወይራው መሆኑን፣ ተራራው ከኢየሩሳሌም በስተምሥራቅ ከቄድሮን ሸለቆ ማዶ እንደሚገኝ ንገሯቸው። ጌታችን ስለ መጨረሻው ዘመን ያስተማረው እዚያ ተቀምጦ ነው፤ ያረገውም ከዚያው ተራራ ነው። መላእክቱ «እንዲሁ ይመጣል» ያሉት በዚያ ቦታ ስለሆነ ተራራው የመሄዱም የመምጣቱም መታሰቢያ ሆኖ ይኖራል። ይህን ያወቀ ልጅ መዝሙሩን ሲዘምር የት ቆሞ እንደሚያይ ያውቃል።

ወደ ዕለቱ ንባብ እንምጣ፤ የመዝሙር ምርጫችሁ የሚለካው በዚህ ነውና። ወንጌሉ ማቴዎስ 24 ከቁጥር 1 ጀምሮ ነው። መልእክታቱ 1ኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 4 ከቁጥር 13 እስከ ፍጻሜው፣ 2ኛ ጴጥሮስ ምዕራፍ 3 ከቁጥር 7 ጀምሮ፣ ከግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 24 ናቸው። ቅዳሴው የአትናቴዎስ ነው። ከወንጌሉ በፊት የሚዜመው የዳዊት ቃል፣ ምስባኩ፣ ከመዝሙር 49 ነው፦

እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ
ወአምላክነሂ ኢያረምም
እሳት ይነድድ ቅድሜሁ

እግዚአብሔር በግልጥ ይመጣል፣ አምላካችንም ዝም አይልም፣ እሳት በፊቱ ይነድዳል ማለት ነው። ሦስት ስንኝ ብቻ ነው። ዘማርያኑ ሁሉ ይህን በቃላቸው ይዘው፣ ትርጉሙን ዐውቀው ወደ ቅዳሴ ይግቡ። ዲያቆኑ ሲያዜመው ሕዝቡ መቀበል ሲያቅተው መስማት ያሳዝናል፤ የመዝሙር ክፍሉ ቢያንስ በዚህ ቀድሞ ቢገኝ ከ15 ደቂቃው መርሐ ግብር የበለጠ አገልግሎት ነው።

እነዚህ ንባባት ሁለት ፊት አላቸው። ማቴዎስና ጴጥሮስ ያስጠነቅቃሉ፦ እንዳትስቱ ተጠንቀቁ፣ ሰማያት በታላቅ ድምፅ ያልፋሉ። ጳውሎስ ደግሞ ያጽናናል፦ ስላንቀላፉት እንደ ሌሎች አትዘኑ፣ በዚህ ቃል እርስ በርሳችሁ ተጽናኑ። ብዙ መርሐ ግብሮች የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው ሕዝቡን አስደንግጠው ይጨርሳሉ፤ ሕፃናት አልቅሰው ይሄዳሉ። አንዳንዱ ደግሞ ከሬዲዮ ወሬ ጋር እያዛመደ ዓመት ይቆርጣል። ጌታችን በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 36 ላይ ያችን ቀንና ሰዓት ማንም እንደማያውቃት ተናግሯል፤ ስለዚህ በመዝሙር መካከል የሚገባ ግጥምም ሆነ መግቢያ ቃል ምልክት እየቆጠረ ቀን እንዳይጠቁም ኃላፊው አስቀድመው ያንብቡት።

አሁን ስለ ዜማው። የጾሙ ዜማ መጽሐፍ ጾመ ድጓ ነው፤ ከቅዱስ ያሬድ አምስቱ የዜማ መጻሕፍት አንዱ፤ ሌሎቹ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው። የጾሙ እሑዶች ስም ራሱ ከዚህ መጽሐፍ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ ስንል የየሳምንቱን ዜማ ቃል እየጠራን ነው። የደብረ ዘይት መዝሙር «እንዘ ይነብር እግዚእነ ውስተ ደብረ ዘይት» ብሎ ይጀምራል፤ ጌታችን በደብረ ዘይት ተቀምጦ ሳለ ማለት ነው። ሊቃውንቱ በጾም ከበሮና ጸናጽል አስቀምጠው በቁም ዜማ፣ ማለትም ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ፣ እንዲሁም መቋሚያ እያወዛወዙ በሚዜመው በዝማሜ ያደርሱታል፤ በእጃቸው ያለው መቋሚያ ብቻ ነው። ዝማሜውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ጾም እንዴት እንደሚዘመር ሌላ መምህር አያስፈልገውም። እንቅስቃሴው ቀስ ያለ ነው፣ ቃሉ አይሸፈንም፣ ከምቱ ይልቅ ቃሉ ይሰማል።

ሰንበት ተማሪ ይህን መማር ይችላል ወይ? የመዝሙሩን መጀመሪያ በቁም ዜማ መማር ይቻላል፣ ይጠቅማልም። ግን ከስልክ ቪዲዮ አይሁን። በመጽሐፉ ላይ ከፊደሉ በላይ የምታዩአቸው ምልክቶች፣ ማለትም ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት፣ ዜማውን አስቀድሞ የሰማን ሰው ያስታውሱታል እንጂ ላልሰማ ሰው አይነግሩትም። ቪዲዮው ላይ ያለው መምህር ደግሞ ከሌላ የዜማ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፤ የቤተልሔሙ፣ የቆማው፣ የአጫብሩ ዜማ አንድ አይደለም፤ አቋቋሙም፣ ማለትም የማኅሌቱ አደራረስ፣ የጎንደሩና የተክሌው ይለያያል። የሌላውን ቤት ለምዳችሁ በደብራችሁ መሪጌታ ፊት ብትቆሙ አለመግባባት ይመጣል። መሪጌታውን ጾሙ ሳይገባ በፊት ጠይቋቸው፤ በጾሙ ሳምንታት ጊዜያቸው ጠባብ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሐረግ ብቻ ይስጧችሁ። የተማራችሁትን በዐውደ ምሕረቱ ላይ ማቅረቡን እርሳቸው ከፈቀዱ አቅርቡ፤ ካልፈቀዱ ለራሳችሁ ይቅር፣ የጠፋ ነገር የለም። የሊቃውንቱን ዝማሜ መቋሚያ ይዞ መኮረጅ ግን ይቅርባችሁ፤ ለዓመታት የተማሩት ሥራ ነው፣ በአራት ሳምንት ልምምድ ቲያትር ይሆናል።

ስለዚህ የ15 ደቂቃው ዋና ሸክም የአማርኛ መዝሙራችሁ ላይ ይወድቃል። ምርጫው እንዲህ ይፈተን፦ ግጥሙን ያለ ዜማ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። ሲነበብ ትርጉም ካለው፣ ጸሎት ከሆነ፣ ከዕለቱ ንባብ ጋር ከተገናኘ ይለፍ። ሲነበብ ባዶ የሆነ፣ አንድ ቃል አሥር ጊዜ እየደገመ በከበሮ ብቻ የቆመ ከሆነ ይውጣ። ባለፈው ዓመት የሞተባችሁ መዝሙር በዚህ ወንፊት ቢፈተን የሚያልፍ አይመስለንም።

በይዘት ደግሞ ሦስት ዓይነት ስሕተት ይደጋገማል። አንዱ የሕማማቱን መዝሙር ቀድሞ ማምጣት ነው፤ ጎልጎታንና ችንካሩን የሚያለቅሱ መዝሙሮች ለሰሙነ ሕማማት ይቆዩ፤ ዛሬ የምናስበው በክብር የሚመጣውን ነው። ሁለተኛው የሚቀጥለውን ሳምንት መስረቅ ነው። የመክሊቱ ምሳሌ የሚቀጥለው እሑድ፣ የገብር ኄር ነው፤ «መክሊቴን ቀበርኩ» የሚሉትን መዝሙሮች ሰባት ቀን አሳድሯቸው። ሦስተኛው ለማጽናናት ብሎ የትንሣኤን መዝሙር ማስገባት ነው፤ የትንሣኤ መዝሙር እስከ ፋሲካ አይከፈትም። ማጽናኛው ከራሱ ከዕለቱ መልእክት፣ ከጳውሎስ ይገኛል።

ለ15 ደቂቃ ሦስት መዝሙር ይበቃል። ብዙ ክፍሎች አምስት ያዘጋጁና ሁሉንም እያሯሯጡ ያበላሻሉ። የመጀመሪያው ምጽአቱን የሚናገር ይሁን፣ አራት ደቂቃ ገደማ። ቀጥሎ አንድ አንባቢ ከ1ኛ ተሰሎንቄ 4 ቁጥር 16 እስከ 18 ያንብብ፤ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሁለተኛው የንስሐ መዝሙር ነው፣ ዝግ ያለው እሱ ነው፣ አምስት ደቂቃ ይፍጅ። ሦስተኛው ምሕረትንና ተስፋን የያዘ ይሁን፣ አራት ደቂቃ። የተረፈው አንድ ደቂቃ ለመውጣትና ለመውረድ ነው። በመዝሙር መካከል ንግግር አትጨምሩ፤ ስብከቱ የሰባኪው ነው።

ወደ ዋናው ችግር እንመለስ፦ ከበሮ ሲነሣ ለምን ይጎተታል? ከበሮ ምት ብቻ አይደለም የሚሰጠው። ዘማሪው የሚተነፍስበትን ቦታ ይሸፍንለታል፤ በስንኝ መጨረሻ ላይ ድምፁ ሲያልቅ ከበሮው ይሞላለታል። ያ ሲጠፋ 24ቱም በአንድ ቦታ ይተነፍሳሉ፣ ጸጥታ ይፈጠራል፣ ጸጥታውን የፈሩት የመጨረሻውን ፊደል ይጎትታሉ፤ በየስንኙ ትንሽ ትንሽ እየተጨመረ መዝሙሩ ይዘገያል። መድኃኒቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ውስጥ ነው ያለው፤ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተከፍለው እንደሚቀባበሉ እናንተም 12 ለ12 ተከፈሉ። ቀኙ አንድ ስንኝ ይላል፣ ግራው ይቀበላል፣ አዝማቹን ሁላችሁ በአንድነት። አንዱ ወገን ሲዘምር ሌላው ይተነፍሳል። አዝማቹ ላይ ደግሞ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች በተለያየ ቃል ላይ እንዲተነፍሱ በልምምድ ተስማሙ፤ በወረቀቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

ፍጥነቱን ከልምምድ ጀምሮ ያዙት። በሰከንድ አንድ ምት ለንስሐው መዝሙር ይስማማል፤ ለሌሎቹ ትንሽ ፈጠን ይበል። መሪው በወገባቸው አቅጣጫ በትንሹ እጃቸውን ያንቀሳቅሱ፤ ከፍ አድርጎ መወርወር የሕዝቡን ዓይን ይወስዳል። ከበሮውን በጭብጨባ መተካት የሚሉ ይኖራሉ። ይህ ከበሮውን በሌላ ስም መመለስ ነው። ከሕዝቡ መካከል አንዲት እናት እልል ቢሉ ማንም አይቆጣቸው፤ እናንተ ግን አትቀስቅሱት።

የድምፅ መውረድ ሌላ ምክንያት አለው። መሪው መዝሙሩን የሚያነሡት በበዓል በለመዱት ከፍታ ነው። ያ ከፍታ ከሰዓት በኋላ ሞቅ ላለ ጉሮሮ ነው የሚመቸው። ሌሊት ቆሞ ያደረ፣ ውኃ ያልቀመሰ ጉሮሮ ጠዋት ላይ አይደርስበትም፤ ሳይታወቅ ሁሉም ዝቅ ይላል፣ ሁሉም እኩል ስለማይወርድ ደግሞ ይጋጫል። መዝሙሩን ከለመዳችሁት አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ አንሡ። በልምምድ ጊዜ ስልክ ላይ ባለ መቃኛ የመጀመሪያዋን ድምፅ ለክታችሁ ያዙ፤ ሲያልቅም ለኩ፤ ምን ያህል እንደወረዳችሁ ታያላችሁ። መሐል ላይ ለማቃናት አትሞክሩ፤ አንዱ ከፍ ሲያደርግ ሌላው ባለበት ስለሚቀር ይባስ ይበላሻል። የሚቀጥለውን መዝሙር በትክክለኛው ከፍታ አዲስ አንሡት። ሴቶቹ ከወንዶቹ በላይ ባለው ድምፅ ስለሚገቡ መሪው ወንድ ከሆኑ የመጀመሪያዋን ቃል ከሴቶቹ አንዷ ደግማ ታንሣ፤ ያለዚያ የመጀመሪያው ስንኝ ፍለጋ ይሆናል።

ከዘወረደ እስከ ደብረ ዘይት አራት ሳምንት አለ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብትገናኙ ስምንት ልምምድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ለምርጫና ግጥሙን ለማንበብ ስጧቸው፤ ይህ ጊዜ የባከነ የሚመስላቸው አሉ፣ ግን ግጥሙን ሳያውቅ የዘመረ ሰው ቃሉን ይበላል። ሦስተኛውና አራተኛው በንስሐው መዝሙር ላይ ይዋል፣ ከባዱ እሱ ነውና። አምስተኛና ስድስተኛው ለሁለቱ። ሰባተኛው በዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆማችሁ፣ በማይክ። ስምንተኛው ከሐሙስ አይለፍ፣ ከ40 ደቂቃም አይብለጥ። በሥራ ቀን የጾሙ ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሆነ አዳራሹ ከቤተ መቅደሱ ቅርብ ከሆነ ሰዓታችሁን ከዚያ በኋላ አድርጉት፤ ልጆቹም ቀምሰው፣ ውኃ ጠጥተው ይመጣሉ።

ቅዳሜ ልምምድ አይኑር። ለዚህ የተለየ ምክንያት አለን። ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጅ 18 ሰዓት ይጾማል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ልጅ ከቅዳሜ 8 ሰዓት ጀምሮ ውኃም አይቀምስም። ያንን ልጅ ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል አዘምሮ እሑድ ጠዋት ድምፅ መጠበቅ አይቻልም። ዝንጅብል በማር፣ ሻይ በሎሚ የሚባለው ሁሉ ለቆራቢ አይሠራም፤ ያለው መፍትሔ ቅዳሜ ጠዋት በቂ ውኃ መጠጣት፣ ማታ ዝም ማለት፣ ሌሊትም ነጠላን በአፍንጫና በአፍ ላይ ሸፈን አድርጎ ከአቧራው መጠበቅ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ጸበል ቀምሰው ትንሽ ያረፉ ቆራቢዎች ወደ መድረኩ ይውጡ፤ ድካም ከታየባቸው በሁለተኛው ረድፍ ቁመው ዝግ ብለው ይዘምሩ።

በመድረክ እንቅስቃሴያችሁ ውስጥ መንበርከክ ወይም መስገድ ካለ አውጡት። በሰንበት ስግደት የለም፤ የንስሐ መዝሙር ስለሆነ ብላችሁ ብታስገቡት ቀድመው የሚያዝኑት አባቶች ናቸው።

አዳማ ነፋሷ ኤሌክትሪክ የሚመነጭበት ከተማ ናት፤ ማይካችሁ ይህን ያውቃል። ስፖንጅ የሌለው ማይክ በመጋቢት ነፋስ ከዘማርያኑ በላይ ይጮኻል። ለ24 ሰው ሁለት ማይክ ይበቃል፣ በማቆሚያ ላይ፣ ከፊት ረድፍ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ አንዱ ለቀኝ አንዱ ለግራ። መሪው ማይክ በእጃቸው ከያዙ የሚሰማው የእርሳቸው ድምፅ ብቻ ይሆናል፤ ከበሮ በሌለበት ደግሞ ይህ ይበልጥ ይጋለጣል። ሞንታርቦው ከዘማርያኑ ፊት ወደ ሕዝቡ ዞሮ ይቀመጥ፤ ከጀርባ ካለ ማይኩ መልሶ ይቀበለውና ያፏጫል። ድምፁንም ከወትሮው ቀንሱ፤ ባለሙያው ከበሮ ለምዶ ከፍ ያደርገዋል። ነጠላው በመርፌ ቁልፍ ይያዝ። ፀሐይ ፊታችሁን እንዳትመታ አቋቋማችሁን ሰባተኛው ልምምድ ላይ፣ በዚያው ሰዓት ሞክሩት። ልብሱ ነጭ ይሁን፤ ደማቅ ጥለቱን ለፋሲካ አቆዩት። ጥቁሩም ለሕማማት ይቆይ።

በገና ያለው ወንድማችሁ በረከት ነው። በገና ለጾም የተሠራ እስኪመስል ድረስ ከጾሙ ጋር ይስማማል። ነገር ግን ከመዘምራን ጋር አይሄድም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚዘምረውም ሰው ከሹክሹክታ እምብዛም በማይበልጥ ድምፅ ነው፤ 24 ሰው ሲገባበት ይዋጣል። ቅኝቱም ለራሱ ለደርዳሪው ድምፅ የተቃኘ ስለሆነ ወይ እናንተ ወይ እሱ ትቸገራላችሁ። በቅዳሴም በማኅሌትም ስለማይገባ ቦታው አዳራሹ ነው። ከመርሐ ግብሩ በፊት ወይም ከሰዓት በኋላ ጉባኤ ላይ ለብቻው አራት አምስት ደቂቃ ይሰጠው። 10ሩ አውታር ሁሉ አይደረደርም፣ የቀሩት ለጣት ማረፊያ ናቸው፤ ስለዚህ «አንዱን አልነካም» ብሎ የሚተቸውን ዝም በሉት። አውታሩ ጅማት ከሆነ ሙቀትና እርጥበት ይለውጠዋል፤ ከቀዝቃዛ ክፍል አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ቅኝቱን ያፈርሳል። ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት በሚደረደርበት ቦታ ላይ ይቃኝ። ያ የሚያርገበግበው ድምፅ የሚወጣው በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት በበርኩማው መካከል ከሚገባው ትንሽ ቆዳ፣ ከእንዝራው ነው፤ እሱን ማስተካከል ከመቃኘቱ የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ ደርዳሪውን አትቸኩሉበት። ማይኩ ወደ ገበቴው አንድ ስንዝር ያህል ይጠጋ፤ ግን ገበቴውን እንዳይነካ።

ኦርጋኑን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በቤተ ክርስቲያናችን ለመዝሙር የሚውሉት መሣሪያዎች የታወቁ ናቸው፣ ኦርጋን ከነሱ አይደለም፤ በጾም መካከል ደግሞ ጭራሽ።

ከመርሐ ግብሩ በኋላ አብራችሁ የምትቀምሱ ከሆነ ለ30 ሰው ሦስት ኪሎ ቆሎና አንድ ከአምስት ኪሎ ዱቄት የተጋገረ ድፎ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ዳቦውን ከዳቦ ቤት ከገዛችሁ ወተት፣ እንቁላል ወይም ቅቤ እንደሌለበት ጠይቁ፤ የታሸገ ብስኩትም ብዙ ጊዜ የወተት ዱቄት አለበት። የተረፈውን በደጀ ሰላሙ ላሉት ወገኖች አድርሱ፤ ጌታችን በመጨረሻው ቀን ተርቤ አብልታችሁኛል የሚለውን ቃል የተናገረው በዚያው በደብረ ዘይት ትምህርቱ፣ በማቴዎስ 25 ነው።

ቅዳሴው ቢዘገይና የተሰጣችሁ ጊዜ ወደ ስምንት ደቂቃ ቢያጥር ሦስቱንም አታሳጥሩ። የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን መዝሙር ተዉ፤ ንባቡንና የንስሐውን መዝሙር ብቻ አቅርቡና ውረዱ። ይህን ውሳኔ ዐርብ ዕለት ተስማምታችሁ ያዙት፤ መድረክ ላይ በሹክሹክታ የሚወሰን ነገር ማይኩ ውስጥ ይገባል።